በሱስ ስለ መነገድ፤ ለነጋዴና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ምክር

ምስጋና ሁሉ ሰውን በአእምሮ ላከበረው፥ ሐላሉን ከሐራሙ ለይቶ ላሳወቀው፥ በቀና ንግድም ውስጥ በረካን ላኖረው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይውረድ።

ከዚህም በኋላ፤ እናንተ የአላህ ባሮች ሆይ! ለራሴም ለእናንተም የምመክረው አላህን መፍራትን ነው። አላህን መፍራት በመስጊድ ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በገበያ፥ ሚዛኑ ሲነሣና ገንዘቡ ሲቈጠር ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ስለ ዉዱእ ወይም ስለ ረክዓ ሳይሆን ስለ ሱቅ መደርደሪያ ነው፤ ይኸውም ሰውን አስሮ በሚያስቀር ዕቃ ስለሚነግዱ ሰዎችና፥ ይህን ንግድ ሕግ ሊገታው ይገባል ወይስ አይገባም ስለሚለው ጥያቄ ነው።

ዲናችን ንግድን አይንቅም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክት ከመቀበላቸው በፊት በእመት ኸዲጃ ገንዘብ ወደ ሻም ነግደዋል፤ አቡበክርም፥ ዑስማንም፥ ዐብዱርራሕማን ኢብን ዐውፍም (አላህ ይውደዳቸውና) ነጋዴዎች ነበሩ። ንግድ የከበረ ስለ ሆነም ነው አጥር የታጠረለት። ከአጥሩ ምሰሶዎች አንዱ በሱረቱን-ኒሳእ ይገኛል። በዚያ አላህ ምእመናን የእርስ በርሳቸውን ገንዘብ ያለ አግባብ እንዳይበሉ ይከለክላል፤ ሁለቱ ወገኖች ወደው የተስማሙበትን ንግድ ግን ይፈቅዳል፤ ወዲያውም በዚያው አንቀጽ ነፍስን ከመግደል ያስጠነቅቃል። አንባቢ ሆይ! እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ በል። ንግድ የገዢው ፈቃድ የጐደለው እንደ ሆነ ነፍስን እስከ ማጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ያመለክተናል።

ሁለተኛውን ምሰሶ በሐዲስ እናገኘዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ፤ እጃቸውንም ወደ ክምሩ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ባለ እህሉን ምክንያቱን ቢጠይቁት ዝናም መትቶት ነው አላቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ስለምን እንዳላደረገው ከጠየቁ በኋላ፥ የሚያታልል ሰው የእርሳቸው ወገን አለመሆኑን አስታወቁ። ሰውየው እህል መሸጡ አልተነቀፈም፤ ዝናም እህሉን መምታቱም ጥፋቱ አልነበረም፤ የተነቀፈው እርጥቡን ከደረቁ በታች መደበቁ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዘመን ትልቁ የእህል ክምር የትኛው ነው? እጃችንን ብናስገባ እርጥበቱ የሚገኘውስ የት ነው? ሰውን በማሰር የሚነግዱ አያሌ ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ መርጬ ስለ ሲጋራ እናገራለሁ። ምክንያቱም የሲጋራ ኩባንያዎች ምሥጢር በፍርድ ቤት ተከፍቶ፥ የገዛ ወረቀታቸው ለዓለም ስለ ተገለጠ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ በተለይ ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

በፊት ሲጋራ በእጅ ይጠቀለል ነበር፤ ብልኅ የተባለ ሠራተኛም በደቂቃ ጥቂት ፍሬ ብቻ ያወጣ ነበር። በ1881 በአሜሪካ ጄምስ ቦንሳክ የተባለ ሰው ሲጋራ ለሚጠቀልል መኪና የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ መኪናውም በቀን እስከ 120,000 ፍሬ ያወጣ ጀመር። ጄምስ ዱክ የተባለው ነጋዴም ይህን መኪና ይዞ ገበያውን ያዘ። ነገር ግን መኪናው ከሰው ፍላጎት በላይ አመረተ። እህል ቢበዛ ዋጋው ይረክሳል፥ ገበሬውም ሌላ ይዘራል፤ ሲጋራ ሲበዛ ግን ነጋዴዎቹ ምርቱን አልቀነሱም፤ በማስታወቂያ አዲስ ፍላጎትን ፈጠሩ። አንድ ጊዜ የተፈጠረውን ፍላጎት የሚጠብቅላቸው ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሆነ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰው ጭሱን ሲስብ ኒኮቲኑ በሃያ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ከአንጎል ይደርሳል፤ በዚያም የደስታን ስሜት ይቀሰቅሳል። በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ግማሹ ከደም ይወጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ይቁነጠነጣል፥ ይቈጣል፥ ሐሳቡ ይበተናል፤ ሌላ ፍሬ ሲለኩስ ይረጋጋል። እርሱም ሲጋራው ያረጋጋው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሲጋራው ያስታገሠለት ራሱ ሲጋራው ያመጣበትን ሕመም ነው። የሚያቆስለውና ፋሻ የሚሸጥለት አንድ ነጋዴ ነው ማለት ነው።

በ1950 በእንግሊዝ አገር ዶልና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች፥ በአሜሪካም ዊንደርና ግራሃም የተባሉ ተመራማሪዎች፥ የሳምባ ካንሰር ከማጨስ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ይህ ለኩባንያዎቹ የዝናም ወሬ ነበር፤ እህሉ እንደ ረጠበ ተነገራቸው። ምን አደረጉ? በታኅሣሥ 1953 የታላላቆቹ ኩባንያዎች አለቆች በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ከሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ጋር ተመካከሩ። በጥር 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ አንድ መግለጫ አሳተሙ። በዚያም የሕዝቡን ጤና ከማናቸውም ነገር አስበልጠው እንደሚመለከቱ፥ ዕቃቸውም ይጎዳል ብለው እንደማያምኑ፥ ለምርመራም ገንዘብ እንደሚሰጡ ለሕዝቡ ቃል ገቡ።

ይህ በአደባባይ የተነገረው ነው፤ በጓዳ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። በ1963 ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን የተባለው ኩባንያ የሕግ አማካሪ በውስጥ ማስታወሻው፥ ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ መሆኑን፥ ስለዚህም የኩባንያው ንግድ ሱስ የሚያስይዝ ዕፅ መሸጥ መሆኑን በግልጽ ጻፈ። በ1969 በዚያው ኩባንያ የተጻፈ ሌላ ማስታወሻ ደግሞ ኩባንያው የሚያመርተው ጥርጣሬን እንደ ሆነ፥ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ካለው እውነት ጋር ለመወዳደርም ከጥርጣሬ የተሻለ መሣሪያ እንደሌለ ይናገራል። ወንድሜ ሆይ! ይህን ነገር ቀስ ብለህ አስተውለው። እነዚህ ሰዎች ሁለት ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ በፓኮ ውስጥ ሲጋራን፥ በጋዜጣ ውስጥ ጥርጣሬን።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በሚያዝያ 1994 የሰባት የሲጋራ ኩባንያዎች አለቆች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ከማሉ በኋላ፥ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተራ በተራ ተናገሩ። ከዚህ በኋላ የውስጥ ወረቀቶቹ ወጡ፤ ክሱም ተከታተለ። በ1998 ኩባንያዎቹ ለ46 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በ25 ዓመት ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ። በ2006 ግላዲስ ኬስለር የተባሉ ዳኛ ከ1,600 ገጽ በላይ በሆነ ፍርድ፥ ኩባንያዎቹ ስለ ጉዳቱም፥ ስለ ሱሱም፥ ልጆችን ስለ ማባበላቸውም ሕዝብን ለሃምሳ ዓመት ያህል ማታለላቸውን ወሰኑ። በ2017 ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፥ ሲጋራን ይበልጥ ሱስ እንዲያስይዝ ሆን ብለው ማዘጋጀታቸውን በጋዜጣና በቴሌቪዥን ለማሳወቅ ተገደዱ። በ1954 በጋዜጣ የተነዛው ሐሰት በጋዜጣ እስኪታረም 63 ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ያጨሱና የሞቱ ሰዎች እርማቱን አላነበቡም።

ነጋዴ ሆይ! አንተ ደንበኛህ ሲሞት ታዝናለህ፤ ገበያህም ይጎድላል። እነዚያ ኩባንያዎችም ይህን አስበውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ሳያቋርጡ ከሚያጨሱትም እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ይጨርሳል። ደንበኞቹን የሚገድል ነጋዴ በሟቹ ፈንታ ሌላ ሊተካ ግድ ነው። ተተኪው ማን ነው? አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከዚያ በኋላ ማጨስ የሚጀምረው እምብዛም አይደለም፤ አብዛኞቹ አጫሾች የጀመሩት ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በ1984 አር ጄ ሬይኖልድስ በተባለው ኩባንያ የተጻፈ ሰነድ፥ የሚተኩት አጫሾች ከወጣቶች በቀር ከሌላ እንደማይገኙ በግልጽ ተናግሯል። ከጥቂት ዓመት በኋላም ያው ኩባንያ የግመል ሥዕል እንደ ልጆች ተረት አስጊጦ በማስታወቂያ አወጣ። በ1991 የታተመ ጥናት የስድስት ዓመት ልጆች ያን ግመል ከሲጋራ ጋር ማዛመድን፥ ታዋቂውን የልጆች አይጥ ሚኪ ማውስን የሚያውቁትን ያህል እንደሚያውቁ አሳየ። ግመሉ ከማስታወቂያ የወጣው በ1997 ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ንግድ የሁለት ወገን ፈቃድ ነው ብለናል። ፉቀሃእ በግዴታ የተደረገ ሽያጭ ፈቃድ የጐደለው ነው ይላሉ፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅም ገንዘቡን እንደ ፈቀደ እንዲያባክን አይለቁትም። እንግዲህ በአሥራ አምስት ዓመቱ የጀመረ፥ በሠላሳ ዓመቱ ለመተው ፈልጎ ያልቻለ፥ የልጆቹን የዳቦ ገንዘብ ይዞ ወደ ሱቅ የሚመጣ ሰው ፈቃዱ ወዴት አለ? በመጀመሪያ የፈቀደው ልጅ ሳለ ነው፤ አሁን የሚገዛው ደግሞ ታስሮ ነው። በመካከል ነፃ ሰው ሆኖ የገዛበት ቀን የለም። ስለዚህ ገንዘቡ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ቢቀመጥም፥ ልቡ የተስማማበት ንግድ ነው ለማለት አይቻልም።

የታሰረ ለመሆኑ ረመዳን ምስክር ነው። አጫሹ ከፈጅር እስከ መግሪብ በአላህ ኃይል ይታገሣል፤ ኢማኑ አልሞተምና ይችላል። ነገር ግን አዛኑ ሲሰማ እጁ ከተምሩ አስቀድሞ ወደ ኪሱ ሲሄድ ያያችሁ አላችሁ። ያ እጅ የተራበ ሰው እጅ አይደለም፤ ሌላ ጌታ የሚጠራው እጅ ነው። ሙስሊም ከአላህ በቀር ለማንም ባሪያ እንዳይሆን ተጠርቷል፤ በዓመት ሒሳቡ ላይ የእኛን ባርነት እንደ ትርፍ የሚጽፍ ኩባንያ ግን በየሀገሩ ይገኛል።

ምናልባት አንድ ሰው፦ ዑለማእ በዚህ ነገር ተለያይተው የለምን? ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ተለያይተው ነበር። ትምባሆ ወደ ሙስሊም አገሮች የገባው ከአሜሪካ ምድር ከመጣ በኋላ ነውና፥ ቀደምት ሊቃውንት አያውቁትም ነበር። በ1633 የኦስማኒያው ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በሞት ቅጣት ከለከለው፤ በደማስቆ የነበሩት ታላቁ ዓሊም ዐብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ ደግሞ የተፈቀደ ነው ብለው መጽሐፍ ጻፉ። እርሳቸው በ1731 ሲሞቱ የሳምባ ካንሰርና የትምባሆ ነገር ገና አልታወቀም ነበር። ፍርድ ደግሞ በታወቀው ነገር ላይ ይቆማል። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ የዘመናችን ዑለማእ ብዙዎቹ ወደ መከልከል አዘነበሉ። በ1995 የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት ማጨስ ሐራም መሆኑን አወጀ፤ በ2009 የኢንዶኔዥያ የዑለማእ ምክር ቤት ለልጆች፥ ለነፍሰ ጡሮችና በሕዝብ መካከል ማጨስን ሐራም አለ።

ኩባንያዎቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። በ2015 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የገዛ ሰነዶቻቸውን መርምሮ፥ እስልምናን ለንግዳቸው እንደ አደጋ ይቈጥሩት እንደ ነበረ፥ ማጨስን የሚቃወሙ ሙስሊሞችን አክራሪዎች አስመስለው ለማሳየት እንደ ሞከሩ፥ ለእነርሱ የሚናገሩ ሊቃውንትን ለማግኘትም እንዳሰቡ ገልጧል። ስለዚህ ሲጋራን የሚነቅፍ ሰው ጽንፈኛ ነው የሚል ቃል ከሰማህ፥ ይህ ቃል ከየት ተገዝቶ እንደ መጣ ጠይቅ።

ሌላው ሰው፦ ለመንግሥት ቀረጥ ያስገባል፥ ለሠራተኛውም እንጀራ ይሆናል፤ ጥቅም አለው ይላል። ቁርአን ለዚህ ሰው አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። በሱረቱል-በቀራ ስለ ኸምርና ስለ ቁማር ለጠየቁት ሰዎች፥ በሁለቱ ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን አልካደም፤ ኀጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ አስረዳ። ይህ የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ገቢውም ወጪውም በአንድ መዝገብ ይጻፋል። ሲጋራ የሚያስገባውን ቀረጥ የሚጽፍ ሰው፥ የሐኪም ቤቱን ወጪና ያለ አባት የሚያድገውን ልጅ በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ገቢውን ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ሐሰተኛ መዝገብ ነው።

ደግሞም ኸምርና ቁማር በአንድነት መነሣታቸውን ተመልከት። ኸምር ይጠጣል፤ ቁማር ግን አይጠጣም፥ አይጨስም። ሰውን የሚያስረው ነገር በብርጭቆ ብቻ እንደማይመጣ ከዚህ እንማራለን። በከተሞቻችን የተከፈቱት የውርርድ ቤቶች፥ በስልክም ውስጥ የገባው ውርርድ፥ ጥቂት የማሸነፍ ተስፋ ሰጥቶ ብዙ በማክሰር የሚኖር ንግድ ነው። በገዛ ገበያችን ያለውን ጫትም ቢሆን ከሚዛኑ አናስቀረው፤ ገበሬውና ነጋዴው ከእኛው መካከል ናቸውና ነገሩ ይከብደናል። ነገር ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ ገዢው ለመተው ቢፈልግ መተው ይችላልን? የቤቱ ቀለብ ከእርሱ ይቀድማልን? የሚሸጥለትስ ሰው ዕድሜው ስንት ነው? የሌላውን ክምር የመረመርንበት እጅ የራሳችንን ክምር እንዳይዘል።

ሦስተኛው ተከራካሪ ባለሱቁ ራሱ ነው፤ ነገሩም ከሁሉ ይከብዳል። እኔ ባልሸጥ ጎረቤቴ ይሸጣል፤ ደንበኛው ስኳሩንና ሳሙናውንም ከእርሱ ይገዛል፤ እኔ እከስራለሁ፥ አጫሹም አይድንም ይላል። ይህ ክርክር በከፊል እውነት አለው፤ ስለ ሆነም ብቻውን በስብከት አይመለስም። ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው። ሕግ ለሁሉም እኩል ሲደነገግ አላህን የሚፈራው ነጋዴ በፍርሃቱ ምክንያት ከስሮ አይቀርም፤ ፈሪሃ አላህ የሌለውም በድፍረቱ አያተርፍም። የተቀጣሪው ልጅ፥ የብቸኛዋ እናት፥ የአንዱ ባለሱቅ ኃይል በሚሊዮን ዶላር ማስታወቂያ ከሚያሠራ ኩባንያ ጋር አይመጣጠንም፤ በመካከላቸው የሚቆም ዳኛ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ከሌላ የተበደርነው ሐሳብ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ክምሩ ያስገቡት ስለ ገበያው ኃላፊነት ስለ ነበራቸው ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ የተባሉትን ሴት በመዲና ገበያ ጉዳይ እንደ ሾሙ ይተረካል። ከዚያ በኋላ በሙስሊም ከተሞች ሁሉ ሒስባ የሚባል ሥራ ተደራጀ፤ ሙሕተሲቡም በገበያ እየዞረ ሚዛኑን፥ የጋጋሪውን ዱቄት፥ የሥጋ ሻጩን ቢላዋ፥ የመድኃኒት ቀማሚውን ብልቃጥ ይመረምር ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት አሽ-ሸይዘሪ የተባሉት ሊቅ ሙሕተሲብ በየሙያው ሊመረምረው የሚገባውን ማታለያ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ማንም ሙሕተሲቡን፦ ገዢው አዋቂ ነው፥ ሚዛኑን ራሱ ይመልከት አላለውም። ሚዛን በቤት የማይታይ ነውና። ኒኮቲንም በዓይን አይታይም።

የገበያ ሕግ ፍሬ የሚያፈራ መሆኑም ታይቷል። በአሜሪካ በ1965 ከመቶ አዋቂዎች 42 ያህሉ ያጨሱ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው፥ ቀረጡ፥ የማስታወቂያ ክልከላውና ከሰው መካከል ማጨስን የሚከለክለው ደንብ እየተጨመረ ሲሄድ በ2022 ከመቶ 12 ገደማ ደረሱ። ዋጋው በመቶ 10 ሲጨመር አጠቃቀሙ በመቶ ከ4 እስከ 5 ያህል እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚተዉትም ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። ኡሩጓይ የምትባለው ትንሽ አገር ከፓኮው ገጽ 80 በመቶውን በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ብታዝ፥ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ2010 በዓለም አቀፍ ዳኞች ፊት ከሰሳት። በ2016 ዳኞቹ ለኡሩጓይ ፈረዱ፤ ከሳሹም የክርክሩን ወጪ ብዙውን ክፍል እንዲከፍል ታዘዘ። ሕግ የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ ኩባንያው ለመቃወም ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ባላወጣ ነበር።

በአገራችን በኢትዮጵያም ሕግ ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የታወጀው አዋጅ ቁጥር 1112፥ በሕዝብ መሰብሰቢያና በሥራ ቤት ውስጥ ማጨስን፥ የትምባሆ ማስታወቂያን፥ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን፥ ሲጋራንም በፍሬ መቸርቸርን ይከለክላል፤ ከፓኮው ገጽም 70 በመቶው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ያዝዛል። አጫሾቻችን ከሌላው አገር ጥቂቶች ናቸው፤ በ2016 በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅታችን 71 በመቶ ያህሉን ድርሻ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ስለ ምን ገዛ? ነጋዴ የሆነ ሰው መልሱን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈለው ዛሬ ለሚያጨሱት ጥቂቶች ብቻ አይደለም፤ ገና ላላጨሱት ለብዙዎቹ ልጆች ነው።

በፍሬ መሸጥ የተከለከለበትን ጥበብ አስተውሉ። ልጅ ለፓኮ የሚሆን ገንዘብ የለውም፤ ለአንድ ፍሬ ግን አያጣም። በፍሬ የተሸጠ ሲጋራ ማስጠንቀቂያ የሌለው ሲጋራ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በፓኮው ላይ ቀርቷልና። እነሆ እርጥቡ እህል እንደ ገና ተሸፈነ፤ የሸፈነውም የሩቅ አገር ኩባንያ ሳይሆን የመንደራችን ባለሱቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸምር ጉዳይ የጠጪውን ብቻ ሳይሆን የጠማቂውን፥ የተሸካሚውን፥ የሻጩን፥ ዋጋውንም የሚበላውን ሰው ነገር አንሥተው ሁሉን በአንድ ወቀሳ ሥር አስቀምጠዋል። ትምባሆና ኸምር በፍርድ በሁሉ ነገር አንድ ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ከጉዳት ሰንሰለት አንዱን ቀለበት የያዘ ሰው፥ እኔ ቀለበት ብቻ ነኝ ብሎ ነፃ እንደማይወጣ ከዚህ ተረድተናል።

ስለዚህ ነጋዴ ሆይ! ከቻልህ ይህን ዕቃ ከመደርደሪያህ አውርደው፤ አላህ ስለ እርሱ የተውኸውን በተሻለ ነገር ይተካልሃል። ዛሬውኑ ካልቻልህ ከዛሬ ጀምሮ በፍሬ አትሽጥ፥ ለልጅም አትሽጥ፤ ይህ የዲን ብቻ ሳይሆን የአገርም ሕግ ነው። በነጋዴዎች ማኅበር ውስጥ ድምፅ ያለህ እንደ ሆንህም ሕጉ በሁሉ ሱቅ እኩል እንዲጸና ጠይቅ እንጂ እንዲላላ አትጠይቅ።

አባት ሆይ! ልጅህን ሲጋራ ግዛልኝ ብለህ ወደ ሱቅ አትላከው፤ መንገዱን የምታስተምረው አንተው ነህና። እናት ሆይ! በቤትሽ ውስጥ ጭስ እንዳይጨስ ማለት መብትሽ ነው፤ ከሚሞቱት መካከል ራሳቸው ያላጨሱ፥ የሌላውን ጭስ የተነፈሱ ብዙ ናቸውና።

አንተም በዚህ ነገር የተያዝህ ወንድሜ ሆይ! ይህ ምክር አንተን ለማሳፈር አልተጻፈም። አንተ የተታለልህ ገዢ ነህ፤ ወቀሳው አስቀድሞ በአታላዩ ላይ ነው። የተውበት በር ግን ክፍት ነው፤ የጤናውም በር እንዲሁ። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞችን ለሃምሳ ዓመት ተከትሎ በ2004 የታተመው የዶልና የባልደረቦቹ ጥናት፥ አጫሽ በአማካይ ከዕድሜው አሥር ዓመት ያህል እንደሚያጣ፥ በ50 ዓመቱ የተወ ስድስት ዓመት ያህል፥ በ60 ዓመቱ የተወ እንኳ ሦስት ዓመት ያህል እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ከፈጅር እስከ መግሪብ መታገሥ የቻለ ሰው ከመግሪብ እስከ ፈጅርም ሊማር ይችላል። አንድ ጊዜ ሞክረህ ብትወድቅ ደግመህ ተነሣ፤ ሐኪም ጠይቅ፥ ወዳጅ ያዝ፥ ዱዓእ አድርግ።

አላህ ሆይ! ገበያችንን ከማታለል፥ ልጆቻችንን ከወጥመድ ጠብቅልን። ሪዝቃችንን ሐላል፥ ሚዛናችንን ቀጥተኛ አድርግልን። የታሰሩትን ፍታልን፤ በሕዝብ ጉዳይ የተሾሙትንም ለደካማው እንዲፈርዱ ልባቸውን አቅናልን። አሚን።